አርዌን የሚቀልበው ማነው?

ጨዋታ የሕፃን ሥራ ነው። ገበሬ በእርሻው፣ ሸማኔ በመወርወሪያው ዓለምን እንደሚያውቅ ሁሉ ሕፃንም ዓለምን የሚያውቀው በጨዋታው ነው። ስለዚህ ስለ ሕፃናት ጨዋታ መነጋገር ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መነጋገር አይደለም። ነገ በአደባባይ ቆሞ የሚሠራው፣ የሚነግደው፣ የሚያስተምረውና የሚጽፈው ሰው ዛሬ እንዴት ያለ የአእምሮ ልማድ እየያዘ እንደሚያድግ መጠየቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በአንደኛ እይታ ትንሽ ቢመስልም፣ ትንሽ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመርካቶ የሊስትሮ ሳጥኑን ደግፎ ደንበኛ የሚጠብቅ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የወላጆቹን ሱቅ የሚጠብቅ ተማሪ፣ ዕቃ አራግፎ ጥላ ሥር ያረፈ ወጣት፣ እጁ ሥራ ሲፈታ ስልኩን ያወጣል። በስልኩ ውስጥ ከሚጠብቁት ልዩ ልዩ ጨዋታዎች አንዱ ዓይነት አውሬ የሚሰበሰብበትና የሚያድግበት ነው። ተጫዋቹ እንግዳ ፍጥረታትን ያጠምዳል፤ ከዚህም ከዚያም በለቃቀመው ቀለብ ያሳድጋቸዋል፤ ትንሹ ትልቅ፣ ደካማው ብርቱ ይሆናል። ልጁ በዚህ ይደሰታል፤ መደሰቱም አያስነቅፈውም። መጠየቅ ያለበት ነገር ሌላ ነው፦ የሚያድገው አውሬ የማን ነው? ቀለቡንስ የሚያቀርበው ማነው?

ለመፍረድ በቅድሚያ ማወቅ ይገባልና የጨዋታውን አሠራር እንመልከት። ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች በዓለም እጅግ የታወቀው ናያንቲክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ያቀረበው ፖኬሞን ጎ ነው። ፍጥረት በተያዘ ቁጥር ተጫዋቹ ሁለት ነገር ያገኛል፤ አንደኛው «ከረሜላ»፣ ሁለተኛው «የኮከብ ብናኝ» ይባላል። ከረሜላው እንደየፍጥረቱ ዘር የተለየ ስለሆነ የወፉ ለዓሣው አያገለግልም። ማጂካርፕ የተባለው ምስኪን ዓሣ ጊያራዶስ ወደተባለው ዘንዶ መሳይ አውሬ እንዲለወጥ 400 ከረሜላ ያስፈልጋል። አንድ ዓሣ ሲያዝ በተለመደው ሥርዓት 3 ከረሜላ ይሰጣል፤ የተያዘው ዓሣ ሲሰናበት ደግሞ 1 ይጨመራል። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው፤ ልዩ ጉርሻ ካልታከለበት በስተቀር አንድ ዘንዶ ለማግኘት መቶ ያህል ዓሣ ማጥመድና ሁሉንም ለማለት ይቻላል መሸኘት ግድ ነው። ከረሜላው ሲሞላ ልጁ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ዓሣው ዘንዶ ይሆናል። ለውጡ እንዴት እንደተካሄደ፣ ክንፉ ከየት እንደበቀለ፣ አጥንቱ በምን እንደጠነከረ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠየቅም መልስ የለውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ይሰማል። የመጀመሪያው ወገን ስልኩን ከልጁ እጅ እንንጠቅ፣ ጨዋታውን እናግድ ይላል። ይህ አስተያየት ከቅን ልብ ሊመነጭ ቢችልም ከስንፍና ነጻ አይደለም። ከልጅ እጅ አንድ ነገር ነጥቆ በምትኩ ምንም አለመስጠት ማስተማር ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ መሰብሰብና መለወጥ ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታ አይደለም። የመርካቶ ልጅ ቆርኪ ሲሰበስብ፣ በብይ ሲያሸንፍና ሲሸነፍ፣ ከሽቦ መኪና ሠርቶ ቆርኪውን ጎማ ሲያደርግለት፣ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ሲያበጅ ይኸንኑ ሲያደርግ ኖሯል። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ የፈጠራ ትምህርት ቤት ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ተዉት ይጫወት» ባይ ነው። የዘመናዊነት ካባ የደረበው ይህ ወገን ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የጨዋታውን ባለቤት ከዓይናችን ይሰውርብናል። ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት ልጁን ብቻ ነው። አንደኛው ይቆጣዋል፣ ሌላው ይተወዋል፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለውን ቆጥሮ ተቀባይ ግን የሚያየው የለም።

እስቲ ቆጥሮ ተቀባዩን እንመልከት። ተጫዋቹ ወደ ጨዋታው ሲገባ አንብቦም ይሁን ሳያነብ በሚቀበለው ውል መሠረት ያሳደገው ፍጥረት የራሱ ንብረት አይደለም፤ በባለቤቱ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ብቻ ተሰጥቶታል። የከረሜላውን ዋጋ የሚወስነው፣ ደንቡን የሚለውጠው፣ በሩን የሚዘጋውም ባለቤቱ ነው። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ናያንቲክ የጨዋታ ክፍሉን ስኮፕሊ ለተባለ ኩባንያ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ መስማማቱ ተነገረ። የስኮፕሊ ባለቤት ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ ሥር ያለ ድርጅት ነው። ዘጠኝ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዓለም ጎዳናዎች ላይ እየዞሩ ፍጥረታቱን ያሳደጉት ተጫዋቾች በዚህ ሽያጭ ቃል አልነበራቸውም፤ ድርሻም አልደረሳቸውም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኩባንያው ተጫዋቾች በስልካቸው ካሜራ እየቀረጹ ከሰጡት የየቦታው ምስል ተነሥቶ የዓለምን መልክዐ ምድር የሚያውቅ ትልቅ የኮምፒዩተር ሥርዓት እየገነባ መሆኑን ራሱ ገልጿል። እንግዲህ ሰብሳቢው ማን ነበር? ተሰብሳቢውስ?

የዚህ ነገር ጫፉ የታየው በእስያ ነው። ስካይ ማቪስ የተባለ የቬትናም ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው አክሲ ኢንፊኒቲ የተባለ ጨዋታ ትናንሽ ፍጥረታትን እያራቡና እያዋጉ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል የሚል ተስፋ ይዞ መጣ። በወረርሽኙ ጊዜ ሥራ ያጡ ብዙ የፊሊፒንስ ዜጎች ገቡበት። ለመጀመር ሦስት ፍጥረታት መግዛት ያስፈልግ ስለነበረና ዋጋቸውም ስለናረ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ፍጥረቶቹን ካላቸው ሰዎች ተውሶ ይጫወትና ያገኘውን ይካፈል ጀመር። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲጫን የሚውለው አንዱ፣ ከተቀመጠበት ድርሻውን የሚወስደው ሌላው ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የጨዋታው ገንዘብ ዋጋ ከነበረበት ከፍታ ወርዶ ከንቱ ሊሆን ተቃረበ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዘራፊዎች ከጨዋታው የገንዘብ መረብ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ።

ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት በአማርኛ አዲስ ስም መፈለግ አያሻም፤ ስሙ በቋንቋችን ውስጥ ቆይቷል። በሌላው መሬት ላይ የሚያርስ፣ ምርቱን የሚያካፍል፣ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ሊነቀል የሚችል ሰው ጭሰኛ ይባል ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የዚያ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረት ተናደ። በልጆቻችን መዳፍ ላይ ሌላ ዓይነት ጭሰኝነት በቀለማትና በሙዚቃ ተሸልሞ ሲመጣ አባቶቹ የከፈሉትን ዋጋ የሚያውቅ ትውልድ ሊስቅ አይገባውም። እርግጥ ነው፣ ከስልኩ ጨዋታ ልጁ እንጀራውን አያጣም። የሚለምደው ነገር ግን አለ፤ ያለ ባለቤትነት መድከምን ይለምዳል።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። ከስልኩ ጨዋታ ጋር የሚነጻጸር፣ እውነተኛ የመሰብሰብና የማሳደግ ሥራ የሚካሄደው በዚያው ሰፈር፣ በምናለሽ ተራ ነው። ስሙ «ምን አለሽ?» ከሚለው የገበያ ጥያቄ የወጣ ነው ይባላል። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ ይጣራል፤ ቆራሌው የሚለው ቃል ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ተጨምቆ የወጣ መሆኑ ይነገራል። ልዋጩ ደግሞ አዲስ የላስቲክ ዕቃ እያሳየ አሮጌ ልብስና ጫማ ይቀበላል። ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ፣ የዘይት ጣሳ፣ ያረጀ ጎማ፣ የተጣመመ ብረት፣ ባዶ በርሜል፣ ከየቤቱና ከየጓሮው ተለቅሞ በመጨረሻ ወደዚህ ተራ ይጎርፋል።

በዚህ ተራ ከረሜላ የለም፤ ቁልፍም የለም። በርሜሉ ይሰነጠቃል፣ ይዘረጋል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ምድጃ ይሆናል፣ የምጣድ ክዳን ይሆናል። ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል፤ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። አሮጌው ነገር ወደ አዲሱ የተሻገረው በሰው እጅና በሰው ዕውቀት ነው። ባለእጁ ብረቱ የት ላይ እንደሚታጠፍና የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፤ ያላወቀ እንደሆነ ብረቱ ራሱ ያስተምረዋል። በስልኩ ጨዋታ የሚሸኙት ዓሦች የደረሱበት አይታወቅም፤ በምናለሽ ተራ ግን ቁርጥራጩም ቢሆን ገዢ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምድጃው ተሠርቶ ሲያበቃ የሠራው ሰው ይሸጠዋል፣ የገዛችው ሴት ወጥ ትሠራበታለች፣ ለጎረቤት ታውሰዋለች፣ ሲያረጅ ለቆራሌው ትሰጠዋለች፤ ነገሩ እንደገና ይጀምራል። ይህ ዑደት የማንም ኩባንያ በር ሲዘጋ አይቆምም።

ይህን ስንል ምናለሽ ተራን ገነት አድርገን ለመሳል አይደለም። ዓይኑን ከብረት ፍንጣሪ የሚከላከልበት መነጽር የሌለው፣ ጆሮው በመዶሻ ድምፅ የደነዘዘ፣ ትርፉ ከእርሱ ይልቅ በመካከል ለገባው ነጋዴ የሚሆን ሠራተኛ ብዙ ነው። ድህነትን የሚያሞካሽ ኪነ ጥበብ ውሸታም ኪነ ጥበብ ነው። ነገር ግን የሥራው ከባድነት የዕውቀቱን ክብር አያጠፋውም። ልጆቻችን ምድጃ ከምን እንደሚሠራ ሳያውቁ የዓሣውን ዋጋ 400 ከረሜላ መሆኑን በቃላቸው ከያዙ፣ ጉድለቱ የልጆቹ አይደለም።

ከእጅ ሥራ ወደ ተረት እንሻገር፤ የአውሬዎቻችን መኖሪያ እዚያ ነውና። አርዌ ስለተባለው ዘንዶ ንጉሥ የሚነገረውን አፈ ታሪክ የማያውቅ መምህር አይኖርም። አርዌ በአገሩ ላይ የነገሠ አውሬ ነበር፤ ሕዝቡም ከከብቱና ከልጆቹ እየቀነሰ ይገብርለት ነበር። አርዌ ግዙፍ የሆነው በግብር ነው፤ ያሳደገው የሚፈራው ሕዝብ ራሱ ነው። በአንደኛው የአፈ ታሪኩ አነጋገር አንጋቦ የተባለ ሰው መጣና በሚበላው ፍየል መርዝ አድርጎ ገደለው። አንጋቦ ከአርዌ የበለጠ አውሬ አላሳደገም። አውሬው የሚቆመው በቀለቡ መሆኑን አስተዋለ፤ ቀለቡንም መሣሪያ አደረገው።

የእንስሳት ተረቶቻችንም የሚሉት ይኸንኑ ነው። አያ ጅቦ ጉልበት አለው፤ ሆዱም ሰፊ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ይታለላል። እመት ጦጣ ትንሽ ናት፤ ተረቱ ሲያልቅም ትንሽ እንደሆነች ናት። በቀለብ ብዛት አልደለበችም፤ በብልሃት ግን አድጋለች። ጭራቁም ቢሆን የሚሸነፈው ከእርሱ በገዘፈ ጭራቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በአንዲት ነቃ ባለች ልጅ ነው። ይህ የተራ ልዩነት አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ የዓለም አመለካከቶች ናቸው። አንደኛው ብርታት የክምችት ውጤት ነው ይላል፤ ሌላው ብርታት የማስተዋል ውጤት ነው ይላል። የመጀመሪያው በየቀኑ በልጆቻችን እጅ ሲገባ ሁለተኛው ከአያቶች ጋር አብሮ እየተቀበረ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ምን ይደረግ? እነርሱ ሀብት አላቸው፤ እኛ የለንም» የሚል ድምፅ መነሣቱ አይቀርም። ይህ ምክንያት ሲመረመር አይጸናም። ፖኬሞንን የፈጠረው ጃፓናዊው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ ነፍሳትን እያሳደደ ይሰበስብ ነበር። ከተማው ሲስፋፋ ሜዳውና ኩሬው በአስፋልት ተሸፈነ። እርሱም ያን የጠፋ ደስታ ለከተማ ልጆች ለመመለስ አሰበ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ በየካቲት ወር 1988 ዓ.ም. ወጣ። ዓለምን ያዳረሰው ጨዋታ የተወለደው ከአንድ ልጅ የጓሮ ጨዋታ ነው ማለት ነው። የሚያስቀናው ሀብቱ አይደለም፤ የገዛ ሰፈሩን የልጅ ጨዋታ አለመናቁ ነው። ኋላ ነጋዴው ቢጠቀምበትም የሐሳቡ ምንጭ ንጹሕ ነበር።

ከእኛም ምስክር አይጠፋም። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ሲነግሩ የነበራቸው መሣሪያ ድምፃቸው፣ እጃቸውና ፊታቸው ነበር። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የቀበራቸው ሕዝብ በተረታቸው ያደገ ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የታየችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ በጅምሩ የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች። የመርካቶ ልጅ ኳስ የሚያደርገው ካልሲ በአንድ መምህርት እጅ ቀጭኔ ሆነ፤ ፊደል አስተማረ፤ ከአገር ውጭም ሽልማት አገኘ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን የጨዋታ ድርጅት ደግሞ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቶ በስልክ ላይ አውሏል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ስለዚህ አይቻልም የሚለው ቃል ከእንግዲህ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መርካቶ ራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የወረራ ዘመን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ያዛወረው ፋሺስቱ ነው፤ የነጩንና የጥቁሩን መኖሪያ ለመለያየት ነበር። ስሙም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ዛሬ ግን መርካቶ የጣሊያን ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳቅበታል። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቦምብ ተራ እያለ ነጋዴውና ባለእጁ በሥራው ወረሰው። የመጣ ነገር የሚወረሰው በሥራ ነው። ስልኩም እንደዚሁ ነው፤ የእኛ የሚሆነው ስናወግዘው ወይም ስናመልከው አይደለም፣ ስንሠራበት ነው።

ግን ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አሉና ከወዲሁ እንጠንቀቅ። አንደኛው የውጭውን አውሬ ጋቢ አልብሶ የእኛ ነው ማለት ነው። ደንቡ ያው ከረሜላ፣ ውሉ ያው ጭሰኝነት ከሆነ፣ አውሬው አማርኛ መናገሩ ምንም አይለውጥም። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ በተለይ የማስተማርና የማንቃት ኃላፊነት ያለባቸውን ሰዎች ይፈታተናል፤ ጦጣዋን መመሪያ አናጋሪ፣ ጅቡን የስብሰባ ተሰብሳቢ ማድረግ ማለት ነው። ልጅ ስብከትን ከሩቅ ያሸታል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተረቱ ይወጣና ወደ ዓሣው ይመለሳል። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ያሰፈሯቸው ምሳሌዎች ትውልድ ያስተማሩት ምክር ስለነበረባቸው ብቻ አይደለም፤ በቅድሚያ ግጥም፣ በቅድሚያ ታሪክ ስለሆኑ ነው።

የሚፈለገው ሥራ ግልጽ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ምናለሽ ተራ ድረስ ይሂድ፤ አንድ በርሜል ምድጃ እስኪሆን ድረስ ቆመው ይመልከቱ፣ ይጠይቁ፣ ባለእጁንም መምህር ብለው ይጥሩት። ጸሐፌ ተውኔቱ አርዌን፣ አያ ጅቦንና ጭራቁን ከመደርደሪያ ያውርዳቸው፤ ከካልሲና ከጣሳ የተሠሩ አሻንጉሊቶች የሚጫወቱት ተውኔት ለሰፈር ልጆች ይጻፍ። የስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ከደራሲያን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ ቆራሌው የሚዞርበት፣ የተለቀመው ነገር በዕውቀት እንጂ በቁልፍ የማይለወጥበት፣ ልጁ የሠራውን ነገር ለጓደኛው ሊያወርስ የሚችልበት፣ ትንሿ ጦጣ ሳትገዝፍ የምታሸንፍበት ጨዋታ ይታሰብ። የባህል ድርጅቶችም ለክብረ በዓል ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ ያውሉት። ለልጆች የሚሠራ ኪነ ጥበብ የኪነ ጥበብ ታናሽ ወንድም ነው የሚለው አመለካከትም ይቅር፤ ያለ እርሱ ነገ ቲያትር ቤቱን የሚሞላ፣ መጽሐፉን የሚገዛ ሕዝብ አይኖርም።

ይህ ሳይደረግ ልጆቻችንን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ልጁ ባዶውን ሜዳ ያገኘው ያለ ጥፋቱ ነው፤ በሜዳው ላይ የቆመውን ብቸኛ አውሬ ቢያሳድድ ምን ይፈረድበታል? አርዌ ዛሬም ግብሩን ይጠብቃል፤ ግብሩም የልጆቻችን ሰዓት፣ ዓይንና ምናብ ነው። ቀለቡን የምናቋርጠው በቁጣ አይደለም፤ ልጆቹ የገዛ እጃቸው የሚያሳድገው፣ የገዛ ስማቸው የሚጻፍበት ነገር ሲያገኙ ነው። ያን ነገር ሠርቶ የማቅረቡ ተራ የመምህሩ፣ የደራሲውና የባለእጁ ነው።